ነርሷ ከሄደች በኋላ ማን ይቀራል? የሆስፒስ እንክብካቤን ቤት ውስጥ ስለመቀበል

ጥያቄ፦ «እናታችን 74 ዓመቷ ነው። በግሪን ካርድ መጥታ ከእኔ ጋር ሜሪላንድ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ ትኖራለች። ሜዲኬርም (የአረጋውያን የመንግሥት ጤና መድን) ሜዲኬድም (ገቢያቸው ዝቅተኛ ለሆነ የሚሰጠው) አላት። የቆሽት ካንሰሯ ወደ ጉበቷ ተሰራጭቷል፤ ኬሞው አቅም ስላሳጣት ሐኪሟ አቁሞ ሆስፒስ (በሽታውን ለማዳን ሳይሆን ሕመምን ለማስታገስ በሕይወት መጨረሻ የሚሰጥ እንክብካቤ) መክሮናል። በዚህ ሳምንት ከሆስፒታል ትወጣለች። ወንድሜ ‹ሆስፒስ ማለት በሞርፊን ቶሎ መግደል ነው› ይላል። እህቴ ደግሞ ነርስ ቤት መጥታ ቀን ከሌሊት ትጠብቃታለች ብላ ታምናለች። ሁላችንም ሥራ አለን። እናታችን የበሽታዋን ስም አታውቅም፤ ‹ሀገሬ ውሰዱኝ፣ ጠበል ልጠመቅ› ትላለች። አንዴ ከፈረምን መመለስ ይቻላል? ቤት ብታርፍስ ፖሊስ ይመጣል ወይ?»

ምላሽ፦

ወንድምዎም እህትዎም ተሳስተዋል፤ ከሁለቱ ግን ቤታችሁን የሚያናጋው የእህትዎ ስሕተት ነው። የወንድምዎ ፍርሃት ሞርፊኑ እንዴት እንደሚሰጥ ሲያይ ይበርዳል። ነርስ ትጠብቅልናለች ብሎ ታማሚ ወደ ቤት ያመጣ ቤተሰብ ግን በሁለተኛው ወይም በሦስተኛው ሌሊት አምቡላንስ ይጠራል። ስለዚህ ከዚያ ልጀምር።

የሜዲኬር ሆስፒስ በ1983 (በአውሮፓ አቆጣጠር) ሲጀመር ጀምሮ የታሰበው ቤተሰብ ያስታምማል፣ ባለሙያ እየተመላለሰ ያግዛል ተብሎ ነው። ነርሷ መጀመሪያ ላይ በሳምንት አንድ ወይም ሁለት ጊዜ መጥታ አንድ ሰዓት ያህል ትቆያለች፤ የመጨረሻዎቹ ቀናት ሲቃረቡ በየቀኑ ልትመጣ ትችላለች። ገላ የምታጥብና አንሶላ የምትቀይር ረዳት በሳምንት ጥቂት ቀን ትመጣለች፤ እሷም ከአንድ ሰዓት ብዙ አትዘልም። ሐኪም፣ ሶሻል ወርከርና የሃይማኖት አገልጋይ በቡድኑ ውስጥ አሉ። በሌሊትም በበዓልም ነርስ የሚገኝበት ስልክ አለ። የቀረው ሰዓት ሁሉ የእናንተ ነው። መድኃኒቱን ለክታችሁ የምትሰጡት፣ የምታገላብጡት፣ ዳይፐር የምትቀይሩት፣ ከሌሊቱ ዘጠኝ ሰዓት ላይ እናትዎ ሲያቃስቱ የምትነሱት እናንተ ናችሁ።

ሕመሙ አልታዘዝ ሲል ወይም ትንፋሽ ሲያስጨንቅ ሆስፒሱ ለአጭር ጊዜ ረዘም ያለ ጥበቃ ቤት ድረስ ሊልክ ይችላል፤ ደንቡ በ24 ሰዓት ውስጥ ቢያንስ 8 ሰዓት፣ ከዚያም ከግማሽ በላዩ በነርስ እንዲሆን ያዛል። ይህ ለአጣዳፊ ችግር የተፈቀደ ነው፤ ቤተሰቡ ሥራ ስላለው ብቻ አይሰጥም፤ ሁኔታው ሲረጋጋም ይቆማል። ቤት ውስጥ ማስታገስ ጨርሶ ካልተቻለ ወደ ሆስፒስ የተኝቶ መታከሚያ ክፍል ይወሰዳሉ። አስታማሚው ሲደክም ደግሞ ታማሚውን እስከ 5 ተከታታይ ቀን ሌላ ቦታ አስቀምጦ ማረፍ ይፈቀዳል። ይህን የመጨረሻውን ብዙ ቤተሰብ አያውቀውም፤ ሆስፒሱም ሁልጊዜ ቀድሞ አይነግርም። ጠይቁ።

እንግዲህ እናትዎን ወደ ቤት ከመውሰዳችሁ በፊት የምትቆጥሩት ስንት እጅ እንዳላችሁ ነው። አልጋ ላይ የዋለ ሰው ማገላበጥ ሁለት ሰው ይፈልጋል፤ ሌሊቱን የሚፈራረቁ ሦስት ሰዎች ካላችሁ ይቻላል፤ አንድ ሰው ብቻውን ቀንም ሌሊትም ካስታመመ ከሁለት ሳምንት አያልፍም። ሃምሳና ከዚያ በላይ ሠራተኛ ባለው መሥሪያ ቤት ቢያንስ አንድ ዓመት የቆየና በዓመቱ ውስጥ 1,250 ሰዓት የሠራ ሰው ወላጁን ለማስታመም ሥራውን ሳያጣ እስከ 12 ሳምንት ያለ ደመወዝ ፈቃድ መውሰድ ይችላል። ከእናንተ መካከል ዋሽንግተን ዲሲ ውስጥ የሚሠራ ካለ ደግሞ የከተማው ሕግ የተከፈለ የቤተሰብ ፈቃድ ይሰጣል፤ የትም ይኑር፣ የሚታየው የሥራው ቦታ ነው። ሆስፒሱ ቅጹን ይሞላላችኋል። ሜዲኬድ አስቀድሞ የቤት ረዳት ሰዓት ፈቅዶላቸው ከነበረ ሰዓቱ እንዳይቋረጥ ሶሻል ወርከሯ ከሁለቱ ወገን ጋር እንድታነጋግር አድርጉ። ለጠያቂም ሥራ ስጡት፤ እንጀራና ወጥ ይዞ የመጣ ወዳጅ ሁለት ሰዓት አልጋ አጠገብ ቢቀመጥላችሁ ከምግቡ ይልቅ ይጠቅማችኋል። ይህ ሁሉ ተደምሮ ቤት ሰው የሌለበት ሰዓት ከቀረ አማራጩ ረዳት በራስ ገንዘብ መቅጠር ወይም ነርሲንግ ሆም ገብተው ሆስፒሱ እዚያ እንዲመጣላቸው ማድረግ ነው። ሜዲኬር የነርሲንግ ሆሙን የመኝታና የምግብ ወጪ አይከፍልም፤ ሜዲኬድ ግን ሊከፍል ይችላል።

ሆስፒሱ የሚያመጣው ብዙ ነው፦ ከፍ ዝቅ የሚል የሆስፒታል አልጋ፣ የአልጋ ቁስል የሚከላከል ፍራሽ፣ ከአልጋ አጠገብ የሚቀመጥ የመጸዳጃ ወንበር፣ ዊልቸር፣ ኦክስጅን፣ ዳይፐርና አንሶላ መከላከያ፣ ከበሽታው ጋር የተያያዘ መድኃኒት ሁሉ። ሜዲኬር ለአንድ መድኃኒት እስከ 5 ዶላር ሊያስከፍል ይችላል፤ ሜዲኬድ ላለው ሰው ይህም አብዛኛውን ጊዜ ይሸፈናል። ከካንሰሩ ጋር የማይገናኝ ሕመም እንደ ድሮው በመደበኛው ሜዲኬር ይታከማል። የቱ ይገናኛል የቱ አይገናኝም በሚለው ላይ ግን ጭቅጭቅ ስለሚነሳ፣ ሆስፒሱ የማይሸፍናቸውን ነገሮች ዝርዝር በጽሑፍ እንዲሰጣችሁ ስትፈርሙ ጠይቁ። ሲጠየቅ የመስጠት ግዴታ አለበት።

ሜዲኬር ለሌላቸው ወላጆች አንድ ነገር ላክል፤ ይህ ጥያቄ በማኅበረሰባችን ይደጋገማልና። ግሪን ካርድ ያለው 65 ዓመት የሞላው ሰው አምስት ዓመት በተከታታይ አሜሪካ ከኖረ ሜዲኬር መግባት ይችላል፤ እሱም ሆነ የትዳር ጓደኛው አሥር ዓመት ያህል ሠርቶ ግብር ካልከፈለ ግን ሆስፒስን የሚሸፍነውን ክፍል (ፓርት ኤ) በወር ክፍያ ነው የሚያገኘው፤ በ2025 ሙሉው ክፍያ በወር 518 ዶላር ነበር። እሱም የማይሆን ከሆነ ለትርፍ ያልቆሙ ሆስፒሶችን የበጎ አድራጎት ፈንድ እንዳላቸው በቀጥታ መጠየቅ ነው።

ከሆስፒታል ከመውጣታቸው በፊት ግን ለቆሽት ካንሰር ብቻ የሚሆኑ ሁለት ጥያቄዎች አሉ፤ ከወጡ በኋላ ይከብዳሉ። ዓይናቸው ቢጫ ከሆነና ሰውነታቸውን የሚያሳክካቸው ከሆነ ዕጢው የሐሞት ቱቦውን ተጭኖት ሊሆን ይችላል፤ እንዲህ ከሆነ በኢንዶስኮፒ የሚገባ ስቴንት (ቱቦውን ከፍቶ የሚይዝ ትንሽ ቧንቧ) ቢጫነቱንም እከኩንም ያስታግሣል። ሕመሙ ከእምብርት በላይ ጀምሮ ወደ ጀርባ የሚሰረስር፣ ሲጋደሙ የሚብስና ወደ ፊት ሲያጎነብሱ ቀለል የሚል ከሆነ፣ ከሆድ ጀርባ ያለውን የነርቭ ጉንጉን በመርፌ ማደንዘዝ የሞርፊኑን መጠን ሊቀንስላቸው ይችላል። ሆስፒስ የሚከፈለው በቀን የተወሰነ ገንዘብ ስለሆነ ውድ የሆነ ሂደትን ከገቡ በኋላ ለማዘዝ ያመነታል። ስለዚህ ሐኪሙን ዛሬ ጠይቁ፦ «ስቴንት ወይም የነርቭ መርፌ ይጠቅማቸዋል? ከጠቀመ ከመውጣታቸው በፊት ይደረግ።» ሰገራቸው ቅባትና መጥፎ ጠረን ካለው ደግሞ የቆሽት ኢንዛይም ካፕሱል ይታዘዝላቸው፤ የሚወሰደው ከመጀመሪያው ጉርሻ ጋር ነው፣ በልተው ከጨረሱ በኋላ አይሠራም።

አሁን ወደ ሞርፊኑ። ለወንድምዎ ቁጥሩን አሳዩት። ቤት የሚላከው ጠርሙስ አብዛኛውን ጊዜ በ1 ሚሊ ሊትር ውስጥ 20 ሚሊ ግራም ሞርፊን ያለው ፈሳሽ ነው። ከዚህ በፊት ተመሳሳይ መድኃኒት ወስዶ ለማያውቅ ሰው የተለመደው መነሻ 5 ሚሊ ግራም ወይም ከዚያ ያነሰ ነው፤ 5 ሚሊ ግራም ማለት ሩብ ሚሊ ሊትር (0.25) ነው፤ ከምላስ ሥር ወይም በጉንጭ ውስጥ የሚንጠባጠቡ ጥቂት ጠብታዎች። ከግማሽ ሰዓት እስከ አንድ ሰዓት ባለው ጊዜ ይሠራል፣ አራት ሰዓት ያህል ይቆያል። መጠኑ የሚጨመረው ደረጃ በደረጃ፣ ሕመሙ እየታየ ነው። በዚህ መንገድ የተሰጠ ሞርፊን ዕድሜ አያሳጥርም። በመጀመሪያዎቹ ሁለት ሦስት ቀናት ያንቀላፋሉ፤ ግማሹ በሕመሙ ምክንያት ሳይተኙ የከረሙትን እንቅልፍ መክፈል ነው፤ ከዚያ ይነቃሉ።

እውነተኛው አደጋ የት እንዳለ ልንገራችሁ፦ ሚሊ ግራምና ሚሊ ሊትር መምታታት። «5» ተብሎ የታዘዘውን 5 ሚሊ ሊትር አድርጎ የሰጠ ሰው 100 ሚሊ ግራም ሰጠ ማለት ነው፤ ሃያ እጥፍ። የሻይ ማንኪያ በፍጹም አትጠቀሙ። ነርሷ መጀመሪያ ቀን ስትመጣ ሲሪንጁ ላይ ትክክለኛው መስመር ጋ በቋሚ ቀለም ምልክት ታድርግበት፤ የሚሰጡት ሰዎች ሁሉ በየተራ እየቀዱ ያሳዩዋት። ማቀዝቀዣው ላይ ደብተር ይሰቀል፤ ሰዓቱ፣ መጠኑና የሰጪው ስም ይጻፍበት። አንዱ ሰጥቶ ሲወጣ ሌላው ሳያውቅ የሚደግመው ደብተር በሌለበት ቤት ነው። እናትዎ ጠርተዋቸውና ነቅንቀዋቸው የማይነቁ ከሆነ፣ ትንፋሻቸውም በደቂቃ ከ8 በታች ከወረደ፣ የሚቀጥለውን አትስጡና ደውሉ። እጅና እግራቸው የሚፈነጥር፣ የሚቃዡና የሚቁነጠነጡ ከሆነ ደግሞ ኩላሊታቸው ሞርፊኑን ማስወጣት አቅቶት ሊሆን ይችላል፤ መድኃኒቱ በሌላ ዓይነት ይቀየራል፤ ጨምሮ መስጠት ያብሰዋል።

በደረት የሚለጠፍ የሕመም ማስታገሻ ፓች የተሻለ ይመስላል፤ ለጅምር ግን አይሆንም። ሙሉ በሙሉ እስኪሠራ ግማሽ ቀን ወይም ከዚያ በላይ ይፈጃል፣ በጣም ለከሱ ሰዎች በትክክል አይመጥም፣ ሙቅ ብርድ ልብስ ወይም ትኩሳት ካገኘው ደግሞ ከሚገባው በላይ ይለቃል።

ሞርፊን በጀመረበት ቀን የሆድ ማለስለሻም ይጀምራል። የሰውነት ልማድ እንቅልፉንና ማቅለሽለሹን ይሽራል፤ ድርቀቱን ግን አይሽረውም። የተለመደው ሴና የሚባለው ኪኒን ነው፤ 8.6 ሚሊ ግራሙን ማታ ማታ ሁለት ፍሬ ጀምሮ እየጨመሩ ይሄዳሉ። ሦስት ቀን ካልተቀመጡ ይደወል። ተልባ እዚህ ላይ ያሳስታል፤ ብዙ ውኃ የማይጠጣ ሰው ሆድ ውስጥ ገብቶ ያብጣል፣ አንጀቱን በሞርፊን ላዘገየው ሰው ይብስበታል። ተልባውን ለጤነኛ ጊዜ ተዉት።

ሌላው ቶሎ መታየት ያለበት የድሮ ኪኒኖቻቸው ዝርዝር ነው። የኮሌስትሮሉና የቫይታሚኑ ፋይዳ አብቅቷል። የስኳር መድኃኒት ወይም ኢንሱሊን የሚወስዱ ከሆነ ምግባቸው ሲቀንስ መጠኑ አብሮ ካልቀነሰ ስኳራቸው ወርዶ ራሳቸውን ይስታሉ፤ የደም ግፊቱም እንዲሁ። ነርሷ በመጀመሪያው ጉብኝት እያንዳንዱን ጠርሙስ አይታ እንድትለይ አድርጉ።

ስለ ምግብ የሚነሳው ክርክር ከሞርፊኑ በላይ እህትማማቾችን ያጣላል። ካንሰሩ ሲገፋ ሰውነት ምግብን መጠቀም ያቆማል፤ አልበላ ያሉት እየሞቱ ስለሆነ ነው፣ የሚሞቱት ስላልበሉ አይደለም። «ጉሉኮስ ይሰካላቸው» የሚል ጠያቂ በየቀኑ ይመጣል። በዚህ ደረጃ የሚሰካው ፈሳሽ ከደም ሥር እየወጣ እግርና ሆድ ያሳብጣል፣ ሳንባ ይሞላል፣ ትንፋሽ ያስጨንቃል። የቻሉትን ያህል አጥሚትም ይሁን ሾርባ፣ በማንኪያ፣ ቀና ብለው፣ ሲፈልጉ ብቻ። ሲውጡ ካሳላቸው አቁሙ። ከዚያ በኋላ ጥማታቸውን የሚያስታግሠው የአፍ እንክብካቤ ነው፦ ሆስፒሱ በሚሰጣችሁ ስፖንጅ በየሁለት ሰዓቱ አፋቸውን ማራስ፣ ከንፈራቸውን መቀባት። ኦክስጅን ላይ ከሆኑ የሚቀባው ቫዝሊን አይሁን፤ በውኃ የተሠራ ቅባት ጠይቁ።

ኦክስጅን ካነሳን ለእኛ ቤት ብቻ የሚሆን ማስጠንቀቂያ አለ፤ በእንግሊዝኛው መመሪያ ላይ «አታጭሱ» ከሚል በቀር አታገኙትም። የኦክስጅን ማሽን ባለበት ክፍል ጧፍ፣ ሻማ፣ ዕጣንና የቡና ከሰል አይገባም። ኦክስጅኑ ራሱ አይነድም፤ በልብስና በአንሶላ ውስጥ ተጠራቅሞ ትንሿን ፍንጣሪ እሳት ያደርጋታል። ጸሎት ለማድረግ የሚመጡ አባቶችም ይነገራቸው። ቡናው በሌላ ክፍል በኤሌክትሪክ ምድጃ ይፈላ፤ ከሰል በተዘጋ ቤት ማንደድ ሳይታመሙም የሚገድል ነው። ደግሞ ብዙ ጊዜ ትንፋሽ ላጠረው ሰው ከኦክስጅኑ ይልቅ ራስጌን ቀና ማድረግ፣ ትንሽ የአየር ማራገቢያ (ፋን) ፊታቸው ላይ ማዞርና አነስተኛ ሞርፊን ይረዳል።

በማቀዝቀዣችሁ ውስጥ የምትቀመጥ ትንሽ የመድኃኒት ሳጥን ትላካለች። ለሕመም ሞርፊን፣ ለጭንቀት ሎራዜፓም፣ ለማቅለሽለሽና ለመቃዠት ሃሎፔሪዶል፣ ለጉሮሮ ፈሳሽ የአትሮፒን ጠብታ፣ ለትኩሳትና ለድርቀት በፊንጢጣ የሚገቡ ይኖሩባታል። ያለ ነርስ ትእዛዝ አትክፈቷት፤ ግን ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ ቤት ውስጥ መኖሯን አረጋግጡ። ቅዳሜ ሌሊት ፋርማሲ አይደርስላችሁም።

በመጨረሻዎቹ ቀናት የሚታየውን አስቀድማችሁ ካላወቃችሁት ያስደነግጣል። ቀኑን ሙሉ ይተኛሉ። እጅና እግራቸው ይቀዘቅዛል፣ ጉልበታቸው አካባቢ ቆዳቸው ይዥጎረጎራል። ትንፋሻቸው ይፈጥንና ለሃያ ሠላሳ ሰከንድ ይቆማል፣ ደግሞ ይቀጥላል። ጉሮሯቸው የሚንኳኳው መዋጥ ያቃታቸው ምራቅ ነው፤ ለሚሰማው ይከብዳል እንጂ እሳቸው አይታፈኑበትም፤ በጎናቸው አዙሯቸው፣ ነርሷ ካዘዘች ጠብታውን ስጡ፣ በማሽን አታስመጥጡ። ድንገት መነሣት፣ ልብስ መጎተት፣ መጮህ ሲጀምሩ ማስተኛ ከመስጠት በፊት ፊኛቸው ሽንት መያዙ ይታይ፤ የሞላ ፊኛ መናገር ያቃተውን ሰው እንዲህ ያደርገዋል፤ ነርሷ በቱቦ ስታወጣው በአንድ ጊዜ ይረጋጋሉ። በየሁለት ሰዓቱ ማገላበጡን ከመንካታችሁ ሃያ ሠላሳ ደቂቃ በፊት የታዘዘውን ማስታገሻ በመስጠት አድርጉት። ወንድምዎንም ይህን አስጠንቅቁት፦ ከሞታቸው በፊት የመጨረሻውን ሞርፊን የሚሰጥ አንድ ሰው መኖሩ አይቀርም። ያ ጠብታ የመጨረሻ የሚሆነው በሽታው ስለጨረሰ ነው። ይህን ቀድሞ ያልሰማ ሰው ዕድሜ ልኩን ራሱን ይከሳል።

እናትዎ የበሽታቸውን ስም አለማወቃቸውን በተመለከተ፦ እዚህ ሀገር አእምሮው የተስተካከለ ሰው የሚፈርመው ራሱ ነው፤ የሆስፒሱ ቅጽም ፈውስ የሚፈልግ ሕክምና መቆሙን ይገልጻል። ስለዚህ ሙሉ በሙሉ መደበቅ አይሆንም፤ የሆስፒሱ ሰዎችም ቢጠየቁ አይዋሹላችሁም። መንገዱ ግን አለ። ነርሷ በአስተርጓሚ እንዲህ ብላ ትጠይቃቸው፦ «ስለ ሕመምዎ ምን ያህል ማወቅ ይፈልጋሉ? ለማንስ እንንገር?» «ልጆቼን ጠይቁ» ካሉ መብታቸው ነው፣ ይመዘገባል፣ ተወካያቸው ይፈርማል። ብዙ እናቶች ግን ሲጠየቁ «አውቀዋለሁ፣ እናንተ እንዳትደነግጡ ብዬ ነው ዝም ያልኩት» ይላሉ። አስተርጓሚ በነጻ የማቅረብ ግዴታ የተቋሙ ነው፤ ልጅ እናቱን በዚህ ጉዳይ አያስተርጉም፤ ያለዝባል፣ ይዘላል፣ ያለቅሳል። በዚያው ዕለት አንድ ልጅ የሕክምና ወኪል አድርገው ይሰይሙ፤ ሜሪላንድ ውስጥ በጽሑፍ ሆኖ ሁለት ምስክር ይፈልጋል፣ ወኪሉ ራሱ ምስክር አይሆንም። ካልተሰየመ አባትዎ በሕይወት ከሌሉ ልጆች ሁሉ እኩል ናችሁ፤ በሐሳብ የተለያያችሁ እኩያዎች መሆን ደግሞ ከሌሊቱ ስምንት ሰዓት ላይ አይጠቅምም።

«ሀገሬ ውሰዱኝ» ለሚለው ቀጥተኛ መልስ፦ ከተቻለ የሚቻለው አሁን በሚቀጥሉት ጥቂት ቀናት ነው፤ ለኋላ የሚባል ነገር የለም። ከዋሽንግተን አዲስ አበባ ቀጥታ በረራው 13 ሰዓት ያህል ነው። ራሳቸውን ችለው የሚቀመጡ፣ ኦክስጅን የማይፈልጉ፣ ሕመማቸው በሚዋጥ መድኃኒት የተያዘ ከሆነ አየር መንገዱ በሚጠይቀው የሐኪም ቅጽ መጓዝ ይቻላል። ሜዲኬር ግን ከአሜሪካ ውጭ አይከተላቸውም። አዲስ አበባ ውስጥ ሆስፒስ ኢትዮጵያ ቤት ለቤት ያገለግላል፤ ሆኖም የሚዋጥ ሞርፊን በየፋርማሲው አይገኝም፤ ከክልል ከተማ ወይም ከገጠር ከሆኑ ደግሞ ጭራሽ ላታገኙ ትችላላችሁ። ተቀባይ ሐኪምና መድኃኒት በስም ሳይታወቁ መሄድ በሕመም እንዲሞቱ መፍረድ ነው። በገለጹት ሁኔታ፣ ከኬሞ አቅም ባጡ ሰው ላይ፣ እኔ ጉዞውን አልመክርም። ጠበሉ ቤት ይምጣላቸው፤ መዋጥ ሲያቅታቸው በስፖንጅ ከንፈራቸውን ማራስ ይበቃል። ንስሐ አባታቸውን አሁን ጥሩ፤ ሥጋ ወደሙ መቀበል የሚፈልጉ ከሆነ መዋጥ በሚችሉበት ጊዜ መሆን አለበት፤ ያ ጊዜ ከምትገምቱት ቀድሞ ያልፋል። ስለ ጾሙም ንስሐ አባታቸው ቢነግሯቸው ይሻላል፤ የልጅ ቃል አይሰሙም።

መመለስ ይቻላል? አዎ፤ በማንኛውም ቀን፣ በአንድ ፊርማ። ሌላ ሕክምና ካማራችሁ ወጥታችሁ ወደ መደበኛው ሜዲኬር ትመለሳላችሁ፤ በኋላም እንደገና መግባት ይቻላል። ሆስፒሱ ካላረካችሁ በአንድ የአገልግሎት ዘመን አንድ ጊዜ ወደ ሌላ መቀየርም ይፈቀዳል። ሆስፒስ ለመግባት «የቀረው ዕድሜ ስድስት ወር ወይም ከዚያ ያነሰ» የሚባለው ቁጥር በሽታው በተለመደው መንገዱ ከሄደ የሐኪሞች ግምት ነው፤ ቀጠሮ አይደለም። የአገልግሎት ዘመኑ መጀመሪያ ሁለት ጊዜ 90፣ 90 ቀን ነው፣ ከዚያ በየ60 ቀኑ ብቁነታቸው እየተረጋገጠ ይቀጥላል።

ምክሬ ግልጽ ነው፦ ሆስፒሱን አሁን፣ ከሆስፒታል ሳይወጡ ተቀበሉ። «ትንሽ እንይ» የሚለው ቤተሰብ አብዛኛውን ጊዜ የሚገባው በመጨረሻዎቹ ጥቂት ቀናት ነው፤ ያኔ መድኃኒቱን ለመላመድም ነርሷን ለማወቅም ጊዜ የለም። ሁለት ሆስፒስ አነጋግሩና ሦስት ነገር ጠይቁ፦ ሌሊት ስንደውል ነርስ ቤታችን እስክትደርስ ስንት ሰዓት ይፈጃል? ስልክ የሚያነሳው ሰው በአማርኛ አስተርጓሚ ወዲያው ያገናኛል? ቤት ካልተቻለ የምትወስዷቸው የት ነው? «እንደ ሁኔታው» የሚል መልስ ከሰጣችሁ ወደ ሌላው ሂዱ። አልጋው ተተክሎ፣ ሞርፊኑና ሳጥኗ ቤት ደርሰው ሳታዩ ከሆስፒታል እንዳትወጡ፤ በተለይ ዓርብ ከሰዓት በኋላ።

ቤት ቢያርፉ፣ ሞቱ የሚጠበቅ ስለሆነ ፖሊስ አይመጣም፤ የሚያመጣው 911 መደወል ነው። የሚደወለው ለሆስፒሱ ነው፤ ነርሷ መጥታ ታረጋግጣለች፣ የቀብር አስፈጻሚውንም ትጠራለች። ሞልስት የሚባለውን የሜሪላንድ የሕክምና ትእዛዝ ቅጽ፣ ልባቸው ሲቆም ለማነቃቃት እንዳይሞከር የሚለው ተመርጦበት፣ በሐኪም አስፈርማችሁ ማቀዝቀዣው ላይ ለጥፉ፤ አንድ የደነገጠ ዘመድ 911 ቢደውል እንኳ የአምቡላንሱ ሠራተኞች ደረታቸውን እንዳይጫኑ የሚያቆማቸው እሱ ነው። አፓርትመንት ከሆነ የግድግዳ ጎረቤቶቻችሁን አስቀድማችሁ ንገሯቸው፤ እሪታ ሰምቶ ፖሊስ የሚጠራው ብዙ ጊዜ ጎረቤት ነው። ለመገነዝና ለጸሎት ጥቂት ሰዓት መቆየት ይፈቀዳል፤ የቀብር አስፈጻሚው እስክትሉት አይመጣም። አስከሬኑ ወደ ኢትዮጵያ የሚሄድ ከሆነ ከአሁኑ ፓስፖርታቸውን አግኙ፣ እድርተኛ ከሆናችሁ ለእድሩ ንገሩ፣ ወደ አዲስ አበባ ልኮ የሚያውቅ የቀብር አስፈጻሚ ምረጡ፤ የሞት የምስክር ወረቀት፣ አስከሬኑ በመድኃኒት መጠበቁን የሚገልጽ ወረቀት፣ ተላላፊ በሽታ እንደሌለ የሚገልጽ ደብዳቤና የኤምባሲው ፈቃድ በተለምዶ ይጠየቃል። የተረፈውን ሞርፊን ነርሷ ፊታችሁ ቆጥራ ከቡና አተላ ጋር ቀላቅላ እንድታስወግድ ጠይቁ፤ አልጋውንና ማሽኑን ኩባንያው በቀጠሮ ይወስዳል።